መስመሩ ላይ የተጻፈው

የሶፍትዌር ንድፍ ከሚያስተምሩ መጻሕፍት መካከል የ«ዲዛይን ፓተርንስ»ን ያህል ስሙ የሚነሣ ጥቂት ነው። ኤሪክ ጋማ፣ ሪቻርድ ሄልም፣ ራልፍ ጆንሰንና ጆን ቭሊሲዲስ ጽፈውት እ.ኤ.አ. በ1994 ወጣ። ደራሲዎቹ አራት በመሆናቸው ባለሙያው «ጋንግ ኦፍ ፎር» የሚል ቅጽል አውጥቶላቸዋል፤ ብዙዎች መጽሐፉንም የሚጠሩት በዚሁ ቅጽል ነው። ንባቡ ደረቅ ነው። መጽሐፉ ፓተርን የሚለው ለሚደጋገም የንድፍ ችግር የተሰየመ መፍትሔን ነው፤ የእያንዳንዱ ፓተርን ማብራሪያ አንድ ዓይነት አካሄድ ይከተላል፤ ፓተርኑ ለምን እንደሚያገለግል፣ መቼ እንደሚመረጥ፣ ክላሶቹ እንዴት እንደሚያያዙ፣ ምን እንደሚያተርፍና ምን እንደሚያስከፍል፣ ከዚያ ናሙና ኮድ። ለማጣቀሻ የተሰናዳ ስለሆነ አብዛኛው ሰው የቸገረውን ፓተርን ፈልጎ ያነብና ይዘጋዋል። ሳይነበብ የሚታለፈው መግቢያው ምዕራፍ ነው። በዚያ ምዕራፍ ውስጥ ግን አንዲት ሥዕል አለች። የሶፍትዌር ንድፍን በካርታ ለማስተማር ከተሠሩት ውስጥ እኔ የእሷን ያህል የማደንቀው የለም።

ሥዕሏ ላይ የመጽሐፉ 23 ፓተርኖች ስም ተበትኗል። በስሞቹ መካከል መስመሮች አሉ፤ በየመስመሩ ላይ ጥቂት ቃላት ተጽፈዋል። ጌጥ የላትም፤ የምልክት መፍቻም አልተጨመረላትም። ፈጥኖ ለሚያይ ሰው ውስብስብ ናት፤ ተማሪም መጀመሪያ ሲያያት ገጹን መገልበጥ ይቀናዋል። ሥራዋ የሚገባው አንዱን መስመር ይዞ ከዳር እስከ ዳር ላነበበ፣ መስመሩ የሚለውንም ነገር በኮድ አስቦ ለሞከረ ሰው ነው።

ከኮምፖዚት እንጀምር። ኮምፖዚት ነጠላውንና ስብስቡን በአንድ ዓይን እንድናይ የሚያደርግ ፓተርን ነው። ኮምፒውተራችን ላይ ያለውን ፎልደር እናስብ። ፎልደር ፋይሎችን ይይዛል፤ ሌሎች ፎልደሮችንም ይይዛል። «መጠንህ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ፋይሉ የራሱን ይናገራል፤ ፎልደሩ በውስጡ ያሉትን ሁሉ ጠይቆ ደምሮ ይመልሳል። ጠያቂው ኮድ ማንን እንደጠየቀ ማወቅ አያስፈልገውም። ይህ ብቻውን ጥሩ ትምህርት ነው፤ በብዙ ክፍሎችም የኮምፖዚት ትምህርት እዚህ ላይ ያበቃል።

ሥዕሏ ግን ከዚህ ታልፋለች። ፎልደር ካለ በውስጡ ያሉትን አንድ በአንድ የሚያወጣ ያስፈልጋል፤ ወደ ኢተሬተር የሚሄደው መስመር የሚናገረው ይህን ነው። የፋይሉንና የፎልደሩን ክላስ ሳንነካ አዲስ ሥራ፣ ለምሳሌ የቫይረስ ፍተሻ፣ መጨመር ብንፈልግስ? ቪዚተር። ዛፉ ትልቅ ሆኖ ደረጃ በደረጃ መገንባት ቢኖርበት? ቢልደር። እዚያው ውስጥ የሚደጋገሙ እልፍ ትንንሽ ኦብጀክቶች ሜሞሪውን ቢያጣብቡ? ፍላይዌት። አንድ ጥያቄ ከልጅ ወደ ወላጅ፣ ከወላጅ ወደ አያት እየወጣ የሚመልስለትን ቢፈልግ? ቼይን ኦፍ ሪስፖንሲቢሊቲ፤ ሰንሰለቱን የሚሠራለት ኮምፖዚቱ አስቀድሞ የዘረጋው ዝምድና ነው። ዛፉ የአንዲት ትንሽ ቋንቋ ሰዋስው ቢሆን ደግሞ ኢንተርፕሪተር ይመጣል። ኮምፖዚት በዚህች ሥዕል ውስጥ የመርካቶ አውቶቡስ ተራ ነው፤ ወደየትም የሚሄድ ሰው በእሱ በኩል ያልፋል።

ኮምፖዚት ዋና መሆኑን ሥዕሏ በቃል አትናገርም። ስሙ ከሌሎቹ አልደመቀም፣ አልሰፋም። የሚታወቀው ወደ እሱ በሚመጡት መስመሮች ብዛት ነው። ኮርሱን ከየት ልጀምር ብሎ ለሚያስብ መምህር ከዚህ የተሻለ ምክር አይገኝም። ብዙ መምህራን የአንድ ክላስ ኦብጀክት አንድ ብቻ እንዲሆን ከሚያደርገው ከሲንግልተን መጀመር ይወዳሉ፤ አጭር ነው፣ በአንድ ስላይድ ያልቃል፣ ተማሪውም ቶሎ ይይዘዋል። ሥዕሏን ያየ መምህር ይህን ለማድረግ ያመነታል። ሲንግልተን ያለው ታች ጥግ ላይ ነው። ወደ እሱ የሚደርሱት ፋሳድና አብስትራክት ፋክተሪ ናቸው፤ ሁለቱም መስመሮች የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእነዚህ አንድ ቅጂ ይበቃል። ደራሲዎቹ ሥዕሏን ሲሠሩ ሲንግልተንን ሊያሳንሱት አልፈለጉ ይሆናል፤ ግንኙነቱን በሐቀኝነት ሲስሉ ግን መጠኑ ራሱ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጋማ መጽሐፉ ቢከለስ ሲንግልተን ቢወጣ እንደሚመርጥ በቃለ መጠይቅ ተናግሯል። ከቃለ መጠይቁ 15 ዓመት በፊት የተሣለችው ካርታ ይህን ፍርድ በዝምታ ሰጥታ ነበር ማለት ይቻላል።

እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ሠንጠረዥም አለ። 23ቱን ፓተርኖች በዓላማቸው ይከፍላል፤ 5ቱ ኦብጀክት ስለ መፍጠር፣ 7ቱ ስለ አወቃቀር፣ 11ዱ ስለ ጠባይ። ለፈተና የሚመቸው ይህ ሠንጠረዥ ነው፤ ተማሪዎችም የሚሸመድዱት ይህንኑ ነው። በሠንጠረዡ ላይ ፋክተሪ ሜተድ ከመፍጠር ወገን ነው፣ ቴምፕሌት ሜተድ ከጠባይ ወገን ነው፤ ሁለቱ አይተዋወቁም። በሥዕሏ ላይ ግን ጎረቤታሞች ናቸው፤ መካከላቸው ያለው መስመርም አንዱ ሌላውን አዘውትሮ እንደሚጠቀም ይነግረናል። ኮድ ውስጥ ገብተን ስናየው እውነት ነው። ቴምፕሌት ሜተድ የአንድን ሥራ ቅደም ተከተል በወላጁ ክላስ ውስጥ ያስቀምጥና ዝርዝሩን ለልጅ ክላሶች ይተዋል፤ ከተተዉት ደረጃዎች አንዱ ኦብጀክት መፍጠር ሲሆን ያ ደረጃ ፋክተሪ ሜተድ ይባላል። ሠንጠረዡን ብቻ ይዞ ያደገ ተማሪ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለየብቻ ያጠናል። የሚያሳዝነው ደግሞ በፈተና ማለፉ ነው።

ከሥዕሏ መስመሮች ሁሉ የማደንቀው ዴኮሬተርንና ስትራቴጂን የሚያገናኘውን ነው። ሁለቱም የአንድን ኦብጀክት ጠባይ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ለመቀየር ያገለግላሉ። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ተማሪ ይህን ሲጠይቅ መምህር ብዙውን ጊዜ ሁለት የክላስ ዲያግራም ጎን ለጎን ይሥላል፤ ተማሪውም ሁለት የሣጥን ስብስብ አይቶ ግራ ይጋባል። መስመሩ ላይ የተጻፈው ሐሳብ ግን አንዱ ላዩን እንደሚቀይር ሌላው ውስጡን እንደሚቀይር በጥቂት ቃላት ይለያል። ዴኮሬተር ኦብጀክቱን ከውጭ ይሸፍነዋል፤ የተሸፈነው መሸፈኑን አያውቅም። ስትራቴጂ ሆዱ ውስጥ ይገባል፤ ኦብጀክቱ የትኛውን ዘዴ እንደያዘ ባያውቅ እንኳ አንድ ዘዴ መያዙን ያውቃል፣ ቦታም አዘጋጅቶለታል። ከዚህ በኋላ የምርጫው መንገድ ይጠራል። ክላሱን ከፍቶ መንካት የማይቻል ከሆነ ከውጭ መሸፈን ነው፤ ሽፋኑ እጅግ የሚከብድ ከሆነ ደግሞ ውስጡን መቀየር ይሻላል። ይህን ሁሉ ሐሳብ አንዲት መስመር ላይ ማሳረፍ ብዙ ቃል የጻፈና ብዙውን የሰረዘ ሰው ሥራ ነው።

የመሰረዝ ነገር ከተነሣ፣ በሥዕሏ ላይ ማንም የማይነካቸው ሦስት ስሞች አሉ፤ አዳፕተር፣ ብሪጅና ፕሮክሲ። መስመር የላቸውም። ደራሲዎቹ የሚያገናኛቸው አጥተው አይደለም። ብሪጅ ከአብስትራክት ፋክተሪ ጋር ሊሠራ እንደሚችል በራሱ በብሪጅ ማብራሪያ ላይ ጽፈዋል። አዳፕተርና ብሪጅ የሚመሳሰሉበትንና የሚለያዩበትንም ስለ አወቃቀር በሚናገረው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ በሰፊው አትተዋል። ካርታው ላይ ግን አላመጡትም። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፤ የሚመሳሰል ሁሉ በመስመር ከተያያዘ፣ አልፎ አልፎ የሚገናኝም ሁሉ ከተያያዘ፣ 23 ስሞች እርስ በርስ ተሳስረው ምንም የማይናገር ጥቅጥቅ ያለ ነገር ይወጣል። የካርታ ሠሪ ብርታት የሚለካው ሊሥል ሲችል በተወው መስመር ነው። ተማሪዎች ካርታ ሥሩ ሲባሉ የሚቸገሩትም እዚህ ላይ ነው፤ ባዶ የቀረ ስም ያለማወቅ ምልክት ስለሚመስላቸው ሁሉን ከሁሉ ያያይዛሉ።

እንከን የላትም አልልም። በሜሜንቶና በኮማንድ መካከል ያለው መስመር ላይ ከፊዚክስ የተዋሰ አንድ ከባድ ቃል ተቀምጧል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ተጠቃሚው «መልስ»ና «ድገም» እያለ ወደፊትና ወደኋላ ሲመላለስ ትንንሽ ስሕተቶች እየተጠራቀሙ ሰነዱ ከመነሻው ሊለይ ይችላል፤ ሜሜንቶ የቀድሞውን ሁኔታ እንዳለ ስለሚያስቀምጥ ይህን ይከላከላል። የተመረጠው ቃል ግን ቃሉን ለሚያውቅ ብቻ የሚናገር ነው። ከዚህ የከፋው ሌላ ነው። ሥዕሏ ሁለት ዓይነት ዝምድናን በአንድ ዓይነት መስመር ትሥላለች። ኮምፖዚትና ኢተሬተር ይረዳዳሉ፤ አንዱ ሲኖር ሌላው ይጠራል። ዴኮሬተርና ስትራቴጂ ግን በአብዛኛው ይተካካሉ፤ አንዱ ከተመረጠ ሌላው ላያስፈልግ ይችላል። ቃሉን ሳያነብ መስመሩን ብቻ የሚያይ ተማሪ ሁለቱንም «አብረው ይሄዳሉ» ብሎ ይወስዳል። ይህን ጉድለት በኋላ ሌላ ሰው አስተካክሎታል፤ እመጣበታለሁ።

እስካሁን «ካርታ» እያልኩ የመጣሁት ነገር ሁለት አባቶች አሉት፤ ሰዎችም ሁለቱን ያምታታሉ። የሐሳብ ካርታን በስፋት ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ቶኒ ቡዛን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ቢቢሲ በቴሌቪዥን ባቀረበለት ተከታታይ ፕሮግራም ታወቀ። የእሱ ካርታ መሐል ላይ ከሥዕል ይነሣል፤ ከሥዕሉ ወፋፍራም ቅርንጫፎች ይወጣሉ፣ እየራቁ ሲሄዱ ይቀጥናሉ፣ በየቅርንጫፉ ላይ አንድ ቃል ይጻፋል፣ ቀለም ይደምቃል። ሌላው አሜሪካዊው ጆሴፍ ኖቫክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር የሕፃናትን የሳይንስ ግንዛቤ ለዓመታት ሲከታተል፣ የቃለ መጠይቆቹ ቅጂ እየበዛ አስቸገረው። አንድ ልጅ ምን እንደገባውና ከዓመታት በኋላ ምን እንደተለወጠ ባጭሩ ለማየት ሲሞክር የፅንሰ ሐሳብ ካርታን ሠራ። በዚህ ካርታ ላይ ስሞች በመስመር ይያያዛሉ፤ መስመሩ ላይ የሚያገናኝ ቃል መጻፍ ግዴታ ነው። ስም፣ መስመር፣ ስም ተደርጎ ሲነበብ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይወጣል። ዓረፍተ ነገር ከሆነ ደግሞ እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። በቡዛን ካርታ ላይ ስሕተት መሥራት ይከብዳል፤ «ኢተሬተር» የሚለውን ከ«ኮምፖዚት» ቅርንጫፍ ላይ የሰቀለ ተማሪ ገብቶት ይሁን ሳይገባው አይታወቅም። በኖቫክ ካርታ ላይ ግን ተማሪው መስመሩ ላይ የጻፈው ግሥ ያጋልጠዋል።

ለማስታወሻ፣ ለጽሑፍ ዝግጅት፣ ሐሳብ ለማፍለቅ የቡዛን ካርታ ጥሩ ነው፤ እኔም እጠቀምበታለሁ። ለሶፍትዌር ንድፍ ግን አይበቃም። ምክንያቱ ቅርጹ ነው፤ ዛፍ ነው። በዛፍ ላይ አንድ ቅጠል አንድ ቅርንጫፍ ብቻ አለው። ፍላይዌት ከኮምፖዚት፣ ከስትራቴጂ፣ ከስቴትና ከኢንተርፕሪተር ጋር በአንድ ጊዜ ይያያዛል፤ በአራቱም ቦታ ሥራው ማጋራት ነው። በዛፍ ላይ ለማስቀመጥ ወይ አራት ጊዜ መጻፍ ወይ ሦስቱን ዝምድና መቁረጥ ያስፈልጋል። የሚገርመው፣ የፓተርን ሐሳብ ምንጭ የሆነው ሰው ይህን ችግር ቀደም ብሎ አይቶት ነበር። የሥነ ሕንፃ ሊቁ ክሪስቶፈር አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በ1965 ከተማ ዛፍ አይደለም የሚል ጽሑፍ አሳትሟል። ምሳሌው የበርክሌይ ከተማ የመንገድ ማዕዘን ነው። እዚያ መድኃኒት ቤት አለ፣ ከደጃፉ የጋዜጣ መደርደሪያ አለ፣ አጠገቡ የትራፊክ መብራት አለ። ሰዎች መብራቱ እስኪለወጥ ሲጠብቁ የተደረደሩትን ጋዜጦች ያያሉ፤ አንዳንዱም ይገዛል። መብራቱን በትራፊክ፣ ጋዜጣውን በንግድ ክፍል መድቦ ዛፍ የሠራ ፕላን አውጪ ያንን ማዕዘን አይረዳውም። አሌክሳንደር እ.ኤ.አ. በ1977 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው መጽሐፍ ውስጥ 253 ፓተርኖችን ሲያቀርብ፣ እያንዳንዱን ፓተርን ሲጀምር ከሚበልጡት፣ ሲጨርስ ከሚያንሱት ፓተርኖች ጋር ያስተሳስረዋል። የአራቱ ደራሲዎች ሥዕል የዚያ ልማድ ልጅ ናት።

ቀደም ብዬ ያልኩት ጥገና የኤሪክ ኤቫንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው «ዶሜን ድሪቨን ዲዛይን» የተሰኘ መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል የሚከፈተው በካርታ ነው። ስሞቹ ጥቂት ናቸው፤ ኢንቲቲ፣ ቫልዩ ኦብጀክት፣ ሰርቪስ፣ አግሪጌት፣ ሪፖዚተሪ፣ ፋክተሪና ሌሎች። መስመሮቹ ላይ ያሉት ቃላት የሥራ ቃላት ናቸው፤ ሞዴሉ በምን እንደሚገለጽ፣ በምን እንደሚሸፈን፣ በምን እንደሚደረስበት። ኢንቲቲ የአግሪጌት ሥር ይሆናል፤ አግሪጌት በሪፖዚተሪ በኩል ይገኛል። መስመሩን የያዘ ተማሪ ዳታቤዙ ላይ በቀጥታ ሄዶ የአግሪጌቱን ውስጥ ለምን መነካካት እንደሌለበት መምህሩ ሳይነግረው ይደርስበታል። በካርታው ላይ ግን አንድ ለየት ያለ መስመር አለ። «ስማርት ዩአይ» ወደሚባለው አሠራር፣ ማለትም የንግዱን ሕግ ሁሉ ከስክሪኑ ኮድ ጋር ቀላቅሎ ወደ መጻፍ የሚወስደው መስመር፣ የኤክስ ምልክት አለበት፤ ይህ አሠራርና የኤቫንስ መንገድ አብረው እንደማይመረጡም ተጽፎበታል። ኤቫንስ ያንን አሠራር ፈጽሞ አይኮንነውም፤ ለቀላል ሥራ ሊበቃ እንደሚችል ይናገራል። ከእሱ መንገድ ጋር ግን አይዋሃድም። የተዘጋ መንገድን ካርታ ላይ መሣል ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። የአራቱ ሥዕል ያጣችው ይህንን ነበር።

አሁን ወደ ክፍል እንግባ። እነዚህን ሥዕሎች እንዳለቁ በፕሮጀክተር ላይ ማሳየት ምንም አይጠቅምም። ያለቀች ሥዕል ለሚያውቅ ሰው ደስታ ናት፤ ለማያውቅ ሸክም ናት። ጎበዝ መምህር ሰሌዳው ላይ አንድ ስም ብቻ ይጽፋል። ከዚያ መስመር ይሥላል፤ ጫፉን ባዶ ይተወዋል፤ መስመሩ ላይ የሚያስፈልገውን ሥራ ይጽፋል፤ «እዚህ ጫፍ ላይ ምን ዓይነት ነገር ቢቀመጥ ይህን ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል። ተማሪዎቹ ኢተሬተርን ስሙን ሳይሰሙ ይፈጥሩታል፤ በመጨረሻ ስሙ ሲጻፍ የሚያውቁት ነገር ስም ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ መስመሩ ከሁለተኛው ስም መቅደም አለበት። ስሞቹን ሁሉ ቀድሞ ደርድሮ በኋላ መስመር የሚሥል መምህር የሚያስተምረው የስም ዝርዝር ነው።

ፈተናም ከዚሁ ይወጣል። ስሞቹንና መስመሮቹን ትቶ መስመር ላይ ያሉትን ቃላት ብቻ አጥፍቶ ለተማሪው መስጠት። የሸመደደ ተማሪ «ይጠቀማል»፣ «ይዛመዳል»፣ «ይገናኛል» እያለ ይሞላዋል። እነዚህ ሦስት ቃላት በማንኛውም መስመር ላይ ስለሚቀመጡ በየትኛውም ላይ ምንም አይናገሩም፤ ካርታ የሚያርም መምህር እነሱን ካየ ነጥብ ባይሰጥ አልፈርድበትም።

እኛ ጋ ስንመጣ ሌላ ጣጣ አለ። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ መጽሐፉም ፈተናውም እንደዚያው። ማብራሪያው ግን ብዙ ጊዜ በአማርኛ ይሆናል። የኖቫክ ካርታ የተሠራው ግሡ መሐል ለሚገባበት ቋንቋ ነው፤ ስም፣ ግሥ፣ ስም ሲባል ቀጥ ብሎ ይነበባል። በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ስለሚመጣ መስመሩ ላይ «ይቆጥራል» ብሎ የሚጽፍ ሰው የተሰበረ ዓረፍተ ነገር ያገኛል። መፍትሔው ግን እዚሁ ሰዋስዋችን ውስጥ ተቀምጧል፤ «የሚ» ብሎ በሚጀምር ግሥ የሚያበቃው ሐረግ ከስም በፊት ይመጣል። ኮምፖዚት፣ ከዚያ መስመሩ ላይ «ልጆቹን አንድ በአንድ የሚቆጥርለት»፣ ከዚያ ኢተሬተር። ኮምፖዚት፣ «ሳይነካው ሥራ የሚጨምርለት»፣ ቪዚተር። ፋሳድ፣ «አንድ ብቻ ሆኖ እንዲቀር የሚያደርገው»፣ ሲንግልተን። ቀጥ ብሎ ይነበባል። እንዲያውም ትርፍ አለው። «የሚቆጥርለት» ውስጥ ያለችው «ለት» አገልጋዩ ማን እንደሆነና የሚገለገለው ማን እንደሆነ ስለምትናገር፣ ቀስቱ ወዴት እንደሚያመለክት ባይሣል እንኳ ይታወቃል። ስሞቹ እንዳሉ በእንግሊዝኛ መጠሪያቸው ይቆዩ፤ ሥራ ላይ የሚያስፈልጉት እነዚያ ናቸው። መስመሩ ግን ተማሪው በሚያስብበት ቋንቋ ይጻፍ።

ካርታ የማይችለውም አለ። ጊዜን አያሳይም፤ ማን ማንን መቼ እንደሚጠራ፣ የትኛው ኦብጀክት ቀድሞ እንደሚፈጠር ከእሱ አይነበብም። የፓተርኑን ዋጋም አይናገርም፤ ቪዚተር አዲስ ሥራ ለመጨመር እንደሚያቀልል መስመሩ ይነግረናል፣ አዲስ የክላስ ዓይነት ለመጨመር ግን እንደሚያስቸግር አይነግረንም። ለዚህ ምዕራፉን ማንበብና ኮዱን መጻፍ ግድ ነው። ምንም ኮድ ሳይጽፍ ካርታ ብቻ ያሳመረ ተማሪ የሚያምር ወረቀት ይዞ ቀርቷል። ስለዚህ ካርታው በየሳምንቱ በኮድ እየተፈተነ ቢታደስ፣ ያልሠራ መስመር ቢሰረዝ፣ አዲስ የተገኘም ቢጨመር፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቅጂ ጎን ለጎን ሲታይ መምህሩ ከውጤት ወረቀት የማያገኘውን ያገኝበታል። ኖቫክም ካርታውን የሠራው ለዚሁ፣ የልጆቹ ግንዛቤ በዓመታት ውስጥ እንዴት እንደተለወጠ ለማየት ነበር።

የሶፍትዌር ንድፍ ሞጁል የምታዘጋጁ መምህራን፣ በሚቀጥለው እትም ከሠንጠረዡ ቀጥሎ አንድ ገጽ ተዉልን። ስሞቹን እናንተ ጻፉ፤ መስመሮቹን እናንተ አሥምሩ፤ መስመሮቹ ላይ ያለውን ቦታ ግን ተማሪው በእርሳስ እንዲሞላው ባዶ አድርጉት።